ጅብ ለማየት ፍሎሪዳ ድረስ

አትላንታ የሚኖር ሐበሻ ልጆቹን ኦርላንዶ ለመውሰድ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያሰጋው ገንዘብ ነው። ገንዘብስ ይገኛል፤ እቁብ አለ፣ ትርፍ ሰዓት አለ። የሚጠፋው ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ የማይገቡበት ቀን ነው። እኔ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ባለቤቴ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ በኤርፖርትና በመሀል ከተማ መካከል መንገደኛ ሲያመላልስ ይውላል። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል፣ ልጆቹን የምንቀባበለው በር ላይ ነው። እንዲህ እንድንሆን የወሰንነው ቁጭ ብለን አስልተን ነው፤ ለሁለት ልጅ መዋያ ከከፈልን በኋላ ከአንዳችን ደሞዝ የሚተርፍ ነገር አልነበረምና። ክላርክስተን አካባቢ ያለነው ብዙዎቻችን እንደዚሁ ነን። ክርስትና ቤት እንኳ ስንጠራራ አባት ከመጣ እናት የለችም፣ እናት ከመጣች አባት ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ የእኛ ዕቅድ ከትኬት አልጀመረም፤ ፍሪጅ በር ላይ ከተለጠፉት ሁለት የቀን መቁጠሪያዎች ነው የጀመረው። አንደኛው የትምህርት ቤቱ ነው። ሌላው ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠን፣ አጽዋማትና በዓላት በቀይ የተጻፉበት። ሁለቱን ማስታረቅ እንዲህ ቀላል አይደለም። የልጆቹ የፀደይ ዕረፍት ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይውላል፣ ይኸ ሳምንት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ሰሙነ ሕማማት ላይ ያርፋል። ከአገር ቤት መጥተው አብረውን ያሉት አማቴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «በሕማማት ስግደቱን ትቼ አሸሼ ገዳሜ ልሂድላችሁ?» አሉ። ክርክሩ በዚያ አበቃ።

ጁን ከገባ ሌላ ጣጣ አለ። የሰኔ ጾም ይያዛል፣ በዚያ ላይ በፍሎሪዳ ክረምት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ይጠቁርና መብረቅ ሲመጣ ደጅ ላይ ያሉት መጫወቻዎች ሁሉ ይቆማሉ። ጣቴን ቀኖቹ ላይ እያስኬድኩ ስሄድ ያገኘሁት ክፍተት የሜይ መጨረሻ ነው። የጆርጂያ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት ያኔ ነው፤ እኛ ደግሞ በዓለ ሃምሳ ላይ ስለምንሆን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የሜሞሪያል ዴይ ግርግር ካለፈ በኋላ ያለውን ረቡዕ በእስክሪብቶ ከበብኩት። ባለቤቴ አየና «ረቡዕ ኤርፖርቱ ጭር ይላል፣ አልከስርም» አለ። በእሱ ቋንቋ ይህ እሺታ ነው።

የት እንደምንሄድ መስማማቱ ሌላ ወግ ነው። ባለቤቴ ሩቅ መሄዱ አልታየውም። ግራንት ፓርክ ያለው የአትላንታ መካነ እንስሳት ከ1889 ጀምሮ ያለ ነው፤ ከቤታችን ብዙም አይርቅም። ነገር ግን ልጆቹ በትምህርት ቤት ጉዞ አይተውት ጠግበውታል፣ ይወዷቸው የነበሩት ፓንዳዎችም በ2024 ጥቅምት ላይ ወደ ቻይና ተመልሰዋል። እኔ እዚያ ስሄድ የሚታወሰኝ ዊሊ ቢ የሚባለው ጎሪላ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ያህል ብቻውን ቤት ውስጥ ተዘግቶበት፣ ቴሌቪዥን ተከፍቶለት ኖረ፤ ሣርና ፀሐይ ያየው በ1988 ነው። ከዚያ በኋላ ወልዶ ከብዶ በ2000 ሞተ። የሌሊት ሥራ ጨርሼ መጋረጃ ዘግቼ በምተኛበት ቀን ይህ ታሪክ ለምን ትዝ እንደሚለኝ ለማንም አልነግርም።

ባለቤቴ ሁለተኛ ያቀረበው ቫልዶስታ ያለውን ዋይልድ አድቬንቸርስን ነው። እዚሁ ጆርጂያ ውስጥ፣ አይ 75 የተባለው አውራ ጎዳና አጠገብ፣ የኦርላንዶ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። እንስሳም አለው፣ ሮለር ኮስተርም አለው፣ ዋጋውም ይሻላል። እውነቱን ለመናገር ለእኛ ኪስ የሚስማማው እሱ ነበር። ልጄ ግን አሥር ዓመቷ ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ ዲዝኒ ሄደው የመጡበትን ፎቶ ስታይ የከረመች ልጅ ቫልዶስታ ብትላት ፊቷን ታዞራለች። ታምፓ ያለውን ቡሽ ጋርደንስን ያነሳችው እህቴ ናት። ሮለር ኮስተር ለሚወድ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው እሱ መሆኑን አልክድም። ይቅርብን ያልኩት ግን እኔ ነኝ። በ1959 የተከፈተው ይህ ፓርክ በ1970ዎቹ «ጨለማው አህጉር» የሚል ስም ተሰጥቶት ነበር። ስሙ ተነሥቷል፤ በአሳሹ በስታንሊ የተሰየመው ሰፈር ግን ዛሬም አለ። ልጄ ከዚያ በር ሥር ፎቶ ስትነሣ አልታየኝም።

የቀረው ኦርላንዶ ያለው ዲዝኒ አኒማል ኪንግደም ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1998 የተከፈተ፣ 580 ኤከር፣ ወደ 235 ሄክታር የሚሆን ሰፊ ቦታ ነው። መሀሉ ላይ 145 ጫማ ከፍታ ያለው ሰው ሠራሽ ዛፍ ቆሟል፤ ግንዱ ላይ ከሦስት መቶ በላይ እንስሳት ተቀርጸውበታል። ዋናው መስህብ ኪሊማንጃሮ ሳፋሪ ነው። በክፍት ካሚዮን ተጭነህ ቀጭኔውን፣ ዝሆኑን፣ አውራሪሱን፣ አንበሳውን እያየህ ታልፋለህ። አጥር አይታይም፤ የሚለያቸው እንዳይታይ ተደርጎ የተቆፈረ ቦይና ገደል ነው። እንስሳቱ የሚነቃቁት ጠዋት ፀሐዩ ሳይከር ስለሆነ በሩ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ወደ ሳፋሪው መሄድ ይበጃል። ለዚህ ደግሞ ዋዜማውን መንዳትና እዚያው አጠገብ ኪሲሚ ከሚገኙት ርካሽ ሞቴሎች በአንዱ ማደር ግድ ነው፤ ከአትላንታ ኦርላንዶ በመኪና ሰባት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

ትኬቱ የተቆረጠ ቀን አለው። ከ2018 ወዲህ ዋጋው እንደየቀኑ ይለያያል፤ የበዓል ሰሞን ሲሆን ይወደዳል፣ ሥራ ቀን ሲሆን ይቀንሳል። ከአራቱ የዲዝኒ ፓርኮች ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው ይባላል፣ ርካሹም ቢሆን ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከመቶ ዶላር ይበልጣል። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ነው የሚከፍለው። ልጄ ልደቷን ያከበረችው በቅርቡ ነው፤ ባለቤቴ «ትንሽ ዘግይታ ብትወለድ ምን ነበረበት» ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ግን ሙሉ ቀልድ አልነበረም። ይኸ ገንዘብ አገር ቤት ቢላክ ምን እንደሚሠራ ሁለታችንም በልባችን መንዝረነዋል። የእቁቡ ዕጣ ለእኛ በወጣ ጊዜ ነው ይህን ላለማንሣት የተስማማነው። ለአማቴም ዋጋውን አልነገርናቸውም።

እርሳቸውን የገረማቸው ሌላ ነው። ትንሹ ልጄ በስልክ የሳፋሪውን ቪዲዮ ሲያሳያቸው ጅብ አዩ።

«ይሄ ጅብ አይደለም እንዴ?»

«ነው እማማ።»

«ለጅብ ትከፍላላችሁ?» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። «እኛ እንዳይመጣብን ነው አጥር የምናጥረው።»

አማቴ የመንዝ ሴት ናቸው፣ ያደጉት ከጓሳ ብዙ ሳይርቁ ነው። ልጅ እያሉ ሥራቸው ገብሱን ከጭላዳ መጠበቅ ነበር፤ ወንጭፋቸው እንደማይስት ዛሬም ይምላሉ። ቪዲዮውን ደጋግመው ካዩት በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ ግን ስለ አንበሳውም ስለ ዝሆኑም አልነበረም። «ይኸ ሣር የማን ነው?» አሉኝ። የኩባንያው ነው አልኳቸው። «ማን ይጠብቀዋል?» ሠራተኛ አለው። «ሲደርስ ማን ያጭደዋል?» መልስ አጣሁ። ጓሳ ላይ ሣሩን ሕዝቡ ራሱ ለዘመናት ጠብቆታል፤ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ይከለከል ነበር፣ ከዚያ ሲፈቀድ ሁሉም በአንድ ቀን ወጥቶ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ያጭድ ነበር። ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ የተረፉት በዚያ ሥርዓት ነው። ለእርሳቸው አውሬ ማለት ከሣሩና ከሣሩ ሕግ ጋር የሚታይ ነገር ነው፤ ሣሩን ትቶ አውሬውን ብቻ ማየት ጨዋታ ይመስላቸዋል።

እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ እንስሳ የማውቀው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነው። ግቢው በጃንሆይ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 የተሠራ ነው። ጎፈራቸው የጠቆረ የእነዚያ አንበሶች ዘር ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለየ መሆኑን በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። የአጥሩ ብረት የዛገ፣ ክፍሉም ጠባብ ነበር። ሰፈራችን ድረስ የሚሰማው የማለዳ ግሳት ግን እውነተኛ ነበር። ኦርላንዶ ላይ የማያስጠላኝ የአንበሳው ቦታ ስፋት ነው፤ የሚያናድደኝ እዚያ የተሠራው መንደር ነው።

መንደሩ ሀራምቤ ይባላል። የኬንያዋን ላሙ አይተው የቀዱት፣ በምድር ላይ የሌለ የምሥራቅ አፍሪካ ከተማ ነው። ግድግዳው አዲስ ሆኖ ሳለ ያረጀ እንዲመስል ቀለሙ ሆን ተብሎ ተልጧል፤ ለሌለችው ከተማ የነፃነት ዓመት እንኳ አበጅተው 1961 ብለው ጽፈውላታል። መጀመሪያ በቪዲዮ ሳየው ድህነታችንን ቀለም ቀብተው ሸጡት ብዬ ልቆጣ ተነሥቼ ነበር። ቀስ ብዬ ስመረምረው ግን የተሠራው በጥንቃቄ ነው፤ በሩ፣ የፊደሉ አጣጣል፣ የሱቁ ማስታወቂያ ሁሉ የታየና የተለካ ነው። ንቀት ካለ ከእኔም ዝም ማለት ይመጣል። ልጄ ባለፈው ዓመት ኢትዮጵያን ሳዪ ተብላ ቀጭኔና የሣር ጎጆ ስላ መጣች። ቀጭኔ ኦሞና ጋምቤላ በእርግጥ አለ፤ የአያቷ መንዝ ግን ደጋ ነው፣ ብርድ ነው፣ የድንጋይ ቤት ነው። ይህን የምትሰማው ከአያቷ መሆን ነበረበት። አያቷ ከእኛ ጋር ካሚዮኑ ላይ የሚሳፈሩበት አንድ ምክንያት ይህ ነው።

ዊልቸር እንከራይልዎ ስላቸው ተቆጡ። «ግሸን ድረስ በእግሬ የሄድኩ ሴት ነኝ!» ጉልበታቸውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እንከራያለን፣ ልጁን እናስቀምጥበት እያልን እናታልላቸዋለን።

የስንቁን ነገር ራሳቸው ይዘውታል። ፓርኩ የራስህን ምግብ ይዘህ እንድትገባ ይፈቅዳል፤ የማይፈቀደው ብርጭቆና ጠርሙስ፣ የተበተነ በረዶና አልኮል ነው። የበረዶ ሳጥኑም 24 በ15 በ18 ኢንች ማለፍ የለበትም፤ የእኛን በሜትር ለካሁት፣ አያልፍም። ገለባና ፊኛ ለእንስሳቱ ደኅንነት ሲባል እዚያ ክልክል ነው። ድፎ ዳቦ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ቋንጣ ፍርፍር ይዘን እንገባለን። ፍርፍሩ ይሸታል ብሎ ባለቤቴ ተቃውሞ ነበር፤ በረቡዕ ቋንጣ መብላት የሚቻለው በዚህ ሰሞን ብቻ ነው ተብሎ ተሸነፈ። የቡናው ፔርሙዝ ውስጡ መስታወት ስለሆነ በብረቱ ቀይረነዋል።

ትልቁ ጭቅጭቅ የመጣው ከቁመት ነው። ኤቨረስት የሚባለው ሮለር ኮስተርና በአቫታር ፊልም ላይ የተመሠረተው የበረራ መጫወቻ 44 ኢንች፣ ማለትም 112 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ልጄ ታልፋለች፣ ወንድሟ አያልፍም። የሚወደው የዳይኖሰር ሰፈር ደግሞ እየፈረሰ በቦታው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ሰፈር እየተሠራ ነው። የበር ማገሩ ላይ በየቀኑ ሲለካ ነበር የሰነበተው፤ ሁለት ጊዜ ጫማው ውስጥ ጨርቅ ከቶ ይዤዋለሁ። ፓርኩ ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ መላ አለው። አንደኛው ወላጅ ከትልቋ ጋር ሲገባ ሌላው ትንሹን ይዞ ደጅ ይቆያል፣ ከዚያ ያለ ረጅም ሰልፍ ይቀያየራሉ። ባለቤቴ ደስ አለው። «እኛማ የለመድነው ነው» አለ።

የለመድነው መሆኑ ነው እኔን ያስከፋኝ። ሰባት ሰዓት ነድቼ፣ የእቁብ ብር ከፍዬ፣ እዚያም በር ላይ ልጅ ልቀባበል? እንግዲያው ሁላችንም የማንገባበትን አንገባም አልኩ። ልጄ አለቀሰች። ባለቤቴ ሴትዮዋ አብዳለች በሚል ዓይን አየኝ።

ዝም ብለው ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አማቴ ቀና አሉ። «እኔ ለምን የምሄድ መስሎሽ ነው? ልጁን ለእኔ ተይው። እናንተ ሦስታችሁ ግቡ።» ከዚያ ወደ ትንሹ ዞረው፣ «አንተ ደግሞ ጉሬዛውን ታሳየኛለህ፤ እኔም ጭላዳ በወንጭፍ እንዴት እንደሚባረር አስተምርሃለሁ» አሉት። እዚያ ወንጭፍ እንደማይገባ የሚነግራቸው አልተገኘም።

የቀረው የእኔ ተረኝነት ነበር። የዋዜማውን ሌሊትና የማግስቱን የምትሸፍንልኝ ባልደረባ አገኘሁ፤ በምትኩ የጁንን ቅዳሜዎች በሙሉ እንድገባላት ጠየቀችኝ። ተስማማሁ።

«ሰኔን አንተያይም በይኛ» አለ ባለቤቴ፤ ትኬቱን ግን በዚያው ሌሊት ገዛው።