ቀለም ገመና አይሸፍንም

ባሕር ዳር ላደገ ሰው ብስክሌት እንደ ጫማ ነው። ከተማው ሜዳ ነው፤ መንገዱም ሰፊ። ተማሪው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ጡረተኛው ሁሉ ሲነዳው ኖሯል። እንደ ጫማ ግን ቶሎ አይጣልም፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይተላለፋል። የሚተላለፈውም ከነዝገቱ ነው። በየሰፈሩ አንድ ጣሳ የስፕሬይ ቀለም ገዝቶ ግቢው ውስጥ ብስክሌት የሚያድስ ሰው የማይጠፋው ለዚህ ይመስለኛል። ውጤቱን መንገድ ላይ እናየዋለን። ከሩቅ ያብለጨልጫል፤ ቀረብ ሲሉት አንዱ ጋ እንደ ጧፍ ሰም ተንጠባጥቦ ደርቋል፣ ሌላው ጋ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻክሯል።

እኛም ቤት እንዲህ ያለ ውርስ አለ። አባቴ በ1950ዎቹ ሥራ በጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ የተመላለሱበት ብስክሌት ነው። እሳቸው ካረፉ ወዲህ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር። ባለፈው ክረምት ልጄ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ስታልፍ ትምህርት ቤቷ ራቀ። የአዲስ ብስክሌት ዋጋ ጠይቀን ዝም ብለን ተመለስን። የአያቷን ሳሳያት፣ “እማዬ፣ በዚህ ከምሄድስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል” አለችኝ። አልፈረድኩባትም፤ በዚያ ዕድሜ የጓደኛ ዓይን ከባድ ነው። “ከተቀባ በኋላ እንነጋገር” አልኳት።

ሥራውን ከመጀመራችን በፊት በሰፈራችን ረጅም ዘመን መኪና ሲቀቡ የኖሩ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። የትኛው ቀለም እንደሚሻል ስጠይቃቸው ቀለሙን ትተው ስለ ብርጭቆ ወረቀት ያወሩኝ ጀመር። “ቀለም ገመና አይሸፍንም፤ የሚያብለጨልጭ ከሆነማ ጭራሽ ያወጣዋል” አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በብሩሽ የሚቀባ ወፍራም ቀለም ትንሽ ጭረት ሊሞላ ይችላል። የስፕሬይ ሽፋን ግን እጅግ ስስ በመሆኑ ከሥሩ ያለውን ጭረት፣ የዝገት ጠባሳ፣ የጣት ቅባት ሳይቀር አጉልቶ ያሳያል።

ይህን የጣና ሰዎች ድሮም ያውቁታል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ሥራው በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሥዕሉን በባዶ እንጨት ላይ አይጀምርም ነበር። መጀመሪያ ጣውላው በነጭ ቅብ ይለሰናል፣ ይለሰልሳል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብስክሌቱን ፈታታነው፤ ጎማው፣ ካቴናው፣ ፔዳሉ ወጣ። ቅባቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብን። ከዚያ መፈግፈግ ነው፦ መጀመሪያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ240፣ በመጨረሻ በ400። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ ይደቃል። ዝገት የበላውን ጉድጓድ በስቱኮ ሞልተን ሲደርቅ እንደገና ፈገፈግነው። መድረሱን የሚነግራችሁ ዓይን ሳይሆን ጣት ነው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዳብሱት።

ልጆች ያሉበት ቤት እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። የቆየ ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙ በተለይ የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ከደንቡ በፊት የተቀባው ግን እስከ ዛሬ በየቤታችን አለ። ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፈገፈግም፤ ውሃ የሚችል ብርጭቆ ወረቀት ተገዝቶ እየተነከረ ነው። ትንሹን ልጄን አክስቱ ጋ ሰደድነው፤ አፍና አፍንጫችንን ሸፈንን፤ የወጣውን ዝቃጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገን በፌስታል ቋጠርነው።

ከመቀመጫው ሥር ስንደርስ ከእድፉ መሀል ሁለት ፊደላት ብቅ አሉ፤ አባቴ በነጭ ቀለም በብሩሽ የጻፏቸው የስማቸው መነሻዎች። ፋብሪካው በር ላይ ከተደረደረው ብስክሌት የራሳቸውን ለመለየት ይሆናል። ፊደላቱ ጉብ ጉብ ያሉ ናቸው፤ ሥራው ይለስልስ ከተባለ መነሣት ነበረባቸው። ወረቀቱን እንደያዝኩ እጄ ቆመ። ልጄ፣ “እማዬ፣ ተይው” አለችና የወረቀት ፕላስተር ቆርጣ ለጠፈችባቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ የእሷ ሆነ።

የቀረው ትዕግሥት ነው። ልጄ መስከረም ሳይጠባ እንዲያልቅ ቸኩላለች፤ የባሕር ዳር ነሐሴ ግን ለስፕሬይ አይመችም። እርጥበት ባለበት አየር የተረጨ ቀለም ሲደርቅ እርጥበቱን ይይዝና ይደነግዛል፤ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የተራቆተው ብረት እንዳይዝግ ፀሐይ በወጣችበት ቀን አንቲረስቱን ብቻ ረጭተን ቆምን። ልጄ ትምህርቷን በእግሯ ጀመረች፤ ሁለት ሳምንት ያህልም አኮረፈችኝ። ዋናው ቀለም የተረጨው ሰማዩ በጠራበት በጥቅምት ነው።

ቀኑ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይመረጣል። ፀሐይ ከፍ ስትል የብሱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከጣና ወደ ከተማው ነፋስ ይገባል። ከቀትር በኋላ የሚረጭ ሰው ቀለሙን ለጎረቤት ልብስ ያካፍላል። ማታ በመብራት የሚረጭ ደግሞ የሐይቁን ትንኝ ይሰበስባል። እኛ የመረጥነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለውን ነው፤ ጤዛው ደርቆ፣ ነፋሱ ገና ሳይነሣ። አቧራ እንዳይነሣ መሬቱን ውሃ አርከፈከፍንበት። ጎረቤቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ ነበርና ወደ ጓሮ እንድታዞርልን ለመንኳት፤ የጣሳው ጋዝ እሳት ካገኘ ይነዳል።

አረጫጨቱ እንዲህ ነው። ጣሳው ውስጥ ያለችው ኳስ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ነቅንቁት። ከብረቱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አርቁት፤ ከአንድ ስንዝር ትንሽ አለፍ ይላል። ከቀረበ ይንጠባጠባል፤ ከራቀ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ እንደ ደቃቅ አሸዋ ያርፋል። ጣታችሁን ተጭናችሁ ብረቱ ላይ አትጀምሩ። ከብረቱ ውጭ ጀምራችሁ፣ በእኩል ፍጥነት አልፋችሁ፣ ከብረቱ ውጭ ጨርሱ። ሁለተኛው መስመር የመጀመሪያውን ግማሽ ይደርብ። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጭጋግ ይሁን፤ አንቲረስቱ ከሥሩ ቢታይ አትደንግጡ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ወይም ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቃችሁ ድገሙት። ሦስት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ዙር ይበልጣል። ጠብታ ከወረደ በእጅ አይነካም፤ በደንብ ሲደርቅ በ600 ቁጥር ወረቀት በውሃ ፈግፍጎ እንደገና መርጨት ነው። ስትጨርሱ ጣሳውን ዘቅዝቃችሁ ትንሽ ርጩ፤ አፉ አይደፈንም።

ሦስተኛውን ዙር የረጨችው ልጄ ናት። እጇ ከእጄ ይልቅ የተረጋጋ ነው። ቀለሙ ጨርሶ ሳይጠጥር ፕላስተሩን ቀስ ብላ ላጠችው፤ ጠርዙ ሳይቀደድ ወጣ። አዛውንቱ ሊያዩ መጥተው ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ጣታቸው ከመቀመጫው ሥር ሲደርስ ቆመ። ዓይናቸውን ገልጠው ፊደላቱን አነበቡ፤ ምንም አላሉም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጄ አሁን ትምህርት ቤት በር ላይ ከተደረደረው ብስክሌት የራሷን የምትለየው በእነዚያ ፊደላት ነው።