«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው»

እኛ የአዲስ አበባ ልጆች «ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ሰው ወደቀ» ሲባል የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ተረፈ?» ከተረፈ «ተመስገን!» እንላለን። ካልተረፈ ደግሞ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብለን ወደ ማኪያቶአችን እንመለሳለን። ቀበቶ ነበረው ወይ? መወጣጫውን ማን አሰረው? ይሄን የሚጠይቅ የለም።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን መጽሔት ላይ መሥራት በጀመርንበት ሰሞን ማተሚያ ቤት ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። አንድ ሌሊት ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠራው ልጅ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጣ። ማሽኑ ሁለቱም እጆች በሁለት አዝራሮች ላይ ካላረፉ ቢላው እንዳይወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሥራ እንዲፈጥን ግን አንደኛው አዝራር በፕላስተር ታሽጎ ነበር። አለቃው «አያይም እንዴ!» አለ። በማግስቱ ሌላ ልጅ እዚያው ቆሞ አገኘነው፤ ፕላስተሩም እዚያው ነበር።

ፖል ኦኒል ትዝ የሚለን እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1987 አልኮዋ የተባለውን የአሜሪካ ግዙፍ የአሉሚኒየም ኩባንያ ሊመራ ተሾመ። ባለሀብቶች ስለ ትርፍ ሊሰሙ ሲሰበሰቡ እሱ ስለ ሠራተኛ ደህንነት አወራቸው፤ ግቡ ዜሮ ጉዳት መሆኑንም ነገራቸው። ግራ ተጋብተው «ይህ ሰው ኩባንያውን ሊገድለው ነው» ያሉ እንደነበሩ ይነገራል።

ደንቡ ቀላል ነበር። ሰው ሲጎዳ የክፍሉ ኃላፊ በ24 ሰዓት ውስጥ ጉዳቱን፣ እንዳይደገም ከሚያደርገው ዕቅድ ጋር ለራሱ ለኦኒል ያሳውቃል። ኃላፊው በ24 ሰዓት እንዲያውቅ ፎርማኑ ቶሎ መናገር አለበት፤ ፎርማኑ እንዲናገር ደግሞ ሠራተኛው አለቃውን መፍራት የለበትም። የቀለጠ ብረት ለምን እንደፈሰሰ የመረመረ ፋብሪካ ብክነቱንም አብሮ ያገኘዋል። ኦኒል ታዲያ «ከደህንነት ስንት ብር አተረፍን» ብሎ ማስላትን ከልክሎ ነበር፤ ሠራተኛው ነገሩን የገንዘብ ዘዴ ነው ብሎ እንዳይጠረጥር።

ውጤቱስ? ከ100 ሠራተኞች 1.86 የነበረው ሥራ የሚያስቀር ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ 0.2 ገደማ ወርዷል። የኩባንያው ዓመታዊ ትርፍም አምስት እጥፍ ሆነ። (ትርፉን ሁሉ ያመጣው ደህንነት ነው አላልንም፤ ደህንነት ትርፍ ይገድላል የሚሉት ግን አፍረዋል።)

«እሱ አሜሪካ ነው» እንዳትሉን። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብና ስለ አደጋው ማስተማርም ግዴታው ነው። «ዕድል» የሚባል አንቀጽ ግን የለውም። የ24 ሰዓቱም ደንብ ቢሆን ዶላር አይፈልግም፤ የሚፈልገው የሚናገር ሠራተኛና ስልክ የሚያነሳ አለቃ ነው።

እስቲ ነገ መሥሪያ ቤታችሁ ስትገቡ ጠይቁ፦ እዚህ ቤት ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ የሚደወለው ለማን ነው?