ዓባይን ያየም ምንጭን ያመስግን

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት በአማርኛ እጅግ የታወቀ ነው። እኛም የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ሆኖ ሳለ፥ ይህን ተረት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከፊደል ጋራ አብረን ተምረነዋል። ትርጕሙም ትልቁን ያላየ ሰው በትንሹ ይደነቃል ማለት ነው። ነገር ግን ካርቱምን ጐብኝተን ከተመለስን ወዲህ፥ ምንጭን ማመስገን የአላዋቂ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ተረድተናል። ምክንያቱን ለክቡራን አንባብያን ባጭሩ እንገልጻለን። ዓመታቱንም የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ወደ ሱዳን የሄድነው ጦርነቱ ከመነሣቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነበር። በሻንጣችን ውስጥ ያላለቀ አንድ የጽሕፈት ቤት ማስታወሻ ይዘን ነበር። ማስታወሻውም በአንድ የገጠር ወረዳ ያሉት አነስተኛ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ልጆቹ ሁሉ በከተማው ባለው ትልቅ ትምህርት ቤት እንዲሰበሰቡ የሚያሳስብ ነው። አሳቡ የራሳችን ነበር፤ ወጪን ይቀንሳል፥ ትምህርቱንም ያሻሽላል ብለን እናምንበት ነበር።

በካርቱም ሰማያዊው ዓባይና ነጩ ዓባይ የሚገናኙበት ስፍራ «አል ሞግራን» ይባላል። ወሩ መስከረም ስለ ነበረ፥ ከአገራችን የወረደው ውሃ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ነበር። ሁለቱ ውሃዎች በቀለም ተለይተው ጥቂት ጐን ለጐን ከተጓዙ በኋላ አንድ ሲሆኑ አየን። ከዚያም የካርቱም ዩኒቨርሲቲን ጐበኘን። ይህ ትምህርት ቤት በ1902 ዓ.ም. የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ተብሎ ተከፍቶ፥ ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ቀዩን የሸክላ ሕንፃ ባየን ጊዜ፥ «ለልጆቻችን የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ነው» አልን።

አስተናጋጃችን የነበሩት ሽማግሌ ይህን ሰምተው ፈገግ አሉና፥ «ትልቁን ካዩ ደግሞ የተነሣበትን ይዩ» ብለው ወደ ሩፋዓ ወሰዱን።

ሩፋዓ ከካርቱም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፥ በሰማያዊው ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ሼክ ባቢክር በድሪ የተባሉ፥ ቀድሞ በማሕዲ ሠራዊት ውስጥ የዘመቱ ሰው፥ በ1903 ዓ.ም. የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ቀጥለውም ሴቶች ልጆችን ለማስተማር ፈቃድ ጠየቁ፤ የቅኝ ግዛቱ ሹማምንት ግን ከለከሏቸው። እርሳቸውም ሳይታክቱ ደጋግመው በመጠየቅ፥ በ1907 ዓ.ም. በራሳቸው ኀላፊነት በጭቃ ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 17 ልጃገረዶች ብቻ ሲሆኑ፥ 9ኙ ከገዛ ቤተ ሰባቸው ነበሩ። ሰው የራሱን ልጅ አስቀድሞ ካልላከ ጐረቤቱ እንደማያምነው ሼኩ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከዚህች ጭቃ ቤት የተነሣው ሥራ አድጎ፥ በ1966 ዓ.ም. ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በኦምዱርማን የአሕፋድ የሴቶች ኮሌጅን ከፈቱ። ኋላም ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «አሕፋድ» በዐረብኛ የልጅ ልጆች ማለት ነው።

በማግስቱም በአቅራቢያው ባለች መንደር አንዲት አነስተኛ ትምህርት ቤት አየን። በግቢዋ የኒም ዛፎች አሉ፤ በጥላቸውም ሥር የውሃ እንስራዎች ተደርድረዋል። ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ያስነብባሉ። መምህርቷን፥ «ትምህርት ቤቱ አነስተኛ መሆኑ አይጐዳዎትም ወይ?» ብለን ጠየቅናቸው።

እርሳቸውም፥ «ተማሪዎቼ ሃያ ስድስት ናቸው። የሃያ ስድስቱንም እናቶች ዐውቃለሁ። አንዲት ልጅ ብትቀር ማታውኑ ደጃፏ እሄዳለሁ። ከከተማው ትምህርት ቤት ብትቀር ግን በመዝገቡ ላይ ምልክት ይደረግባት ይሆናል እንጂ፥ ማን ደጃፏ ይሄዳል?» አሉን።

ይህን በሰማን ጊዜ ታላቅ እኅታችን ታወሰችን። በመንደራችን ትምህርት ቤት ከእኛ ይልቅ እርሷ ትመሰገን ነበር። አራተኛን ክፍል በፈጸመች ጊዜ ግን የሚቀጥለው ክፍል የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ነበር። አባታችን፥ «ሴት ልጅ ብቻዋን ይህን መንገድ አትሄድም» አሉ፤ እኛን ግን ላኩን። እንግዲህ በሻንጣችን የያዝነው ማስታወሻ፥ በዚያ ወረዳ ያሉትን እኅቶች ሁሉ በዚያው መንገድ ጫፍ ላይ የሚያስቀር እንደ ሆነ ገባን።

በእውነቱ የአነስተኛ ትምህርት ቤት ጕድለቱ ብዙ ነው። ቤተ ሙከራ የለውም፤ መጻሕፍቱና መምህራኑም ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ጕድለቱን መሙላት ትምህርት ቤቱን ከመዝጋት ይሻላል። ለዚህም ሱዳን ሌላ ምሳሌ አላት። በ1934 ዓ.ም. በነጩ ዓባይ ዳር በድዌም ከተማ አጠገብ «ባኽት አር ሩዳ» የተባለ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የገጠር መምህራን የሠለጠኑት ከከተማ ርቀው እዚያው በገጠር ነበር፤ የሚያስተምሩባቸው መጻሕፍትም ለአገሬው ኑሮ እንዲስማሙ ሆነው ተዘጋጁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ማስታወሻውን እንደ ገና ጻፍነው። የታችኞቹ ክፍሎች በየመንደራቸው እንዲቈዩ፥ የሳይንስና የቋንቋ መምህራን በየተራ እየዞሩ እንዲያስተምሩ፥ የመጻሕፍት ሣጥን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እንዲተላለፍ፥ ወደ ላይኛው ክፍል ለሚያልፉ ልጃገረዶችም በከተማው ማደሪያ እንዲሠራ አሳሰብን። ሁሉም አልተፈጸመም። ክፍሎቹ በየመንደራቸው ቀርተዋል፤ የልጃገረዶቹ ማደሪያ ግን ገና አልተሠራም፤ እኛም ማሳሰባችንን አልተውንም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ወደ ገዚራም ተዛምቶ ሩፋዓን ሳይቀር አዳረሳት። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አያሌዎቹም ለተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ ሆኑ። ያችን መምህርት ባሰብናቸው ቍጥር፥ በ1907 ዓ.ም. የተጀመረው ሥራ በአንድ ጭቃ ቤትና በ17 ልጆች እንደ ነበረ እናስታውሳለን። እንዲህ የተጀመረ ነገር ዛሬም እንዲሁ ሊጀመር ይችላል።

ያ በካርቱም ያየነው ታላቅ ወንዝ በጎጃም፥ በሰከላ፥ ግሽ ዓባይ ከምትባል ትንሽ ምንጭ ይነሣል። ስለዚህ ዓባይን ያየ ሰው ምንጭን አይናቅ።