የደብረ ብርሃን መንገድና የጣርማ በር ቁልቁለት

ደብረ ብርሃን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ መሆንዋ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ብርዱ በሚጠናበት ደጋ ላይ ተቀምጣ፣ በስተ ደቡብ የዋናውን ከተማ፣ በስተ ሰሜን የደሴንና የመቀሌን፣ በስተ ምሥራቅ የአንኮበርን፣ በስተ ምዕራብ የጅሩን መንገድ ታገናኛለች። ስለዚህ የጅሩ ስንዴ፣ የፋብሪካዎችዋ ብርድ ልብስና ቢራ፣ ወደ ወሎና ወደ ትግራይ የሚላከው ሲሚንቶና ሸቀጥ ሁሉ በካሚዮን ተጭኖ በመካከልዋ ሲያልፍ ይውላል፤ ያድራልም። ሻይ ቤቱም፣ ጎሚስታውም፣ አልጋ ቤቱም እንጀራው ከዚሁ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ይህ ሁሉ ጭነት ከከተማይቱ ከወጣ በኋላ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርድ ነው።

ነገሩን ለማስተዋል አስቀድሞ አንኮበርን ማየት ይጠቅማል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ያለች፣ የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የባሕር ዳርቻ የተነሣው ሲራራ ነጋዴ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ፣ ፋሬ ላይ ግመሉን ያራግፍ ነበር። ግመል የሜዳ እንስሳ ነውና ያን ዳገት አይደፍርም፤ ከዚያ ወዲያ ጭነቱ እየተከፈለ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ አልዩ አምባ ገበያና ወደ አንኮበር ይወጣል። በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሐሪስ ለንጉሡ ያመጣው ገጸ በረከት ሳይቀር ከፋሬ የወጣው በሰው ትከሻ ነው። እንግዲህ የዚያ ዘመን ነጋዴ ለተራራው ግብር ይከፍል ነበር፤ ግብሩም መቆም፣ ማራገፍና ጭነትን ማቅለል ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከዞሩ በኋላ የአንኮበር ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን የወረረው የጣሊያን ጦር እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ ሰሜንና ወደ አሰብ የሚወስደውን የመኪና መንገድ ሠራ፤ ጣርማ በር ላይም ተራራውን በስቶ ዋሻ አወጣ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ የባሕር በሩ ንግድ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ዳሩ ግን ከመካከለኛው አገር ወደ ወሎ የሚሄደው ጭነት ዛሬም በዚሁ በር ያልፋል።

ካሚዮን እንደ ግመል አይደለም፤ ከግርጌም ከአፋፍም አያራግፍም። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ናት። ባለ ተሳቢው ካሚዮን ይህን ሁሉ ከፍታ ሙሉ ጭነቱን እንደ ያዘ፣ ደብረ ሲናን አቋርጦ፣ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ይወርደዋል። ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ይግላል፤ ያለ ዕረፍት የተረገጠ እንደ ሆነ ከመጠን በላይ ግሎ መያዙን ይተዋል። የቃጠሎውን ሽታ በመንገድ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ብልህ ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ቆሞ ጎማውንና ፍሬኑን ይመረምራል፤ በከባድ ማርሽም ይወርዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል፤ ፍሬኑም ለክፉ ሰዓት ይቆይለታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ግን ለጥቂት ሊትር ናፍጣ የራሱንና የሌላውን ነፍስ መያዣ ያደርጋል።

በዚህ ላይ ጉሙ አለ። ጉም በጣርማ በር ላይ በወረደ ጊዜ ከፊት ያለው መኪና ከመብራቱ በቀር አይታይም። መኪና ተበላሽቶ ሲቆም ረዳቱ ለምልክት ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ድንጋዩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል፤ በሌሊት ለሚመጣው መንገደኛም ወጥመድ ይሆናል።

በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ለምንውል ሰዎች «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ፍሬን በራሱ ፈቃድ እምቢ አይልም፤ ከልክ በላይ የጫነው፣ ሳያስመረምር የላከው፣ «ዛሬ ካላደረስህ» ብሎ ያስቸኮለው ሰው በስተ ኋላው ሊኖር ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት፣ ራሱ ባይነዳውም እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ሲል ደንግጓል። ካሳ የሚጠየቀውም በቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ ስለሆነ፣ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ቀኑ እንዳያልፍበት ያስብ። ይሁን እንጂ ካሳ አባትን አይመልስም። በመዝገብ ላይ አንድ መስመር የሚይዘው የአንድ ሰው ሞት፣ በቤቱ ግን የልጆችን ትምህርት፣ የሚስትን ኑሮና የእናትን ጧሪ ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ይህ ጉዳይ የትራፊክ ፖሊስ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ነው። የሾፌር ባለቤት በስልክ «መቼ ትደርሳለህ» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ከወዴት ታድራለህ» ብላ ብትጠይቅ፣ ደክሞት ለማደር ምክንያት ትሰጠዋለች። ባለ ንብረቱም ለመድረሻው ሰዓት ዕረፍቱን ጨምሮ ይቁጠር። ረዳቱ የደረደረውን ድንጋይ ሳያነሣ አይሂድ። በመንገድ ዳር የሚኖር ወላጅ ደግሞ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ የመንገዱን ግራ ይዞ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየ እንዲራመድ ያስተምረው።

አባቶቻችን «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይላሉ። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ በቁልቁለት የጠፋ ነፍስ ግን አይለቀምም። ፋሬ ላይ ግመሉን ያራገፈ ነጋዴ ቀን ቢዘገይም ከነዕቃው ከገበያው ይደርስ ነበር። ሾፌሮቻችንም እንዲሁ ዘግይተውም ቢሆን በደኅና ከቤታቸው እንዲገቡ እንመኛለን።