ጥቁሩ ቢራ

ስለ መጠጥ ሲነሣ የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ወይ ውግዘት ነው ወይ ቀልድ። አዲስ ጠጪ ከብርጭቆው ጋር እንዴት እንደሚተዋወቅ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለመጠጥ እንግዳ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚያውቀው የመጠጡን ጣዕም ሳይሆን የጓደኞቹን ምርጫ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማስተማር ድሬ ዳዋ በተመደበ አንድ ወጣት ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር።

ወጣቱ እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ ድረስ አልጠጣም። ያልጠጣው ሃይማኖት ከልክሎት ወይም ገንዘብ አጥቶ አልነበረም። እናቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ አረቄ እያወጡ ነበር ያስተማሩት። ድፍድፉን የያዘውን ማሰሮ ከሥር እያነደዱ፣ በመቃው የሚወርደውን እንፋሎት የሚቀበለውን ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ እያራሱ፣ ሌሊቱን በጢስ ውስጥ ያሳልፉ ነበር። ሲነጋ ዓይናቸው ፍም ይመስላል። እናም አረቄ ለእርሱ የደብተርና የጫማ ዋጋ እንጂ መጠጥ አልነበረም። ሽታው በመጣ ቁጥር የሚታየው የእናቱ ዓይን ነው።

ድሬ ዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ የቆረቆራት ከተማ ናት። ከሐዲዱ ጋር ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ፈረንሳዩም፣ የመኑም ስለመጣ ጠረጴዛዋ ከጥንት ጀምሮ የብዙ አገር ነው። የቀኑ ሐሩር በረድ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ጫት ሲቅም የዋለው ሁሉ ምርቃናውን ለመስበር ወደ መጠጥ ቤት ይወጣል፤ ይህንንም ጨብሲ ይሉታል። ወጣቱ መምህር ጫት ባይቅምም ከባልደረቦቹ ጋር ከዚራ ወዳለ አንድ ቤት ሄደ።

የመጀመሪያው ምሽት ሐረር ቢራ ቀረበለት። እ.ኤ.አ. በ1984 በተቋቋመው ፋብሪካ፣ ከደንገጎ ዳገት ባሻገር የተጠመቀ ነው። መራራነቱ ጌሾ ጌሾ አለው፤ ቅዝቃዜው ግን ለድሬ ሙቀት መልካም ነበር። «እንዴት ነው?» ሲሉት «ግሩም ነው» አለ። ዋሸ። በዚህ ውሸት ምክንያት ሁለተኛው ጠርሙስ ተከተለ። በግድ ማስጠጣትን እንግዳ ከመቀበል የሚቆጥር ሰው አገራችን ውስጥ ጥቂት አይደለም፤ እንግዳው ግን ቤቱ ሲገባ የሚሰማውን ማንም አይጠይቀውም።

በሌላ ምሽት ኡዞ ታዘዘለት። ውሃ ሲጨመርበት ጥሩው መጠጥ በቅጽበት እንደ ወተት ነጣ። ያጣፈጠው የአኒስ ቅባት በአልኮል እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ነው። መምህሩ እንደ ሕፃን ተደነቀ፤ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ ግን ከአኒሱ ሥር ያ የሚያውቀው ሽታ ወጣ። እጁ ቆመ። «ጠጣ እንጂ አቦ!» እያሉ ሳቁበት። ምን ብሎ ያስረዳ? የእናቱን ሌሊት በመጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማሳየት አልሆነለትም።

የቤቱ ባለቤት ሴት ከወዲያ ሆነው ያዩት ነበር። መጥተው ብርጭቆውን አነሡና፣ «ተወው የኔ ልጅ፤ ሁሉም ለሁሉ አይስማማም። ይልቅ ይችን ቅመስ» ብለው ሐኪም ስታውት አኖሩለት። በሐረር አጠገብ ባለው ተራራ ስም የሚጠራው ጥቁር ቢራ ነው። ጥቁረቱ ከተቆላ እህል ይመጣል። መምህሩ አንድ ጊዜ ተጎነጨ፤ ደግሞ ተጎነጨ። የቀመሰው አሻሮ ነበር። እናቱ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለበዓል፣ ለገበያ ሳይሆን ለቤት የሚጠምቁት ጠላ! ልጅ ሳለ ጋኑ ሲከፈት ጎረቤቱ ይጠራል፤ እናቱም በዚያ ቀን ብቻ ተቀምጠው ይስቃሉ። ይህን እንዴት ረስቶት ኖረ?

ከዚያ ወዲያ ጓደኞቹ የፈለጉትን ሲያዙ እርሱ ጥቁሩን ያዝዛል፤ አንድ ጠጥቶም ይበቃዋል። ሲቀልዱበት አይከራከርም።

የከበደው ለእናቱ መናገር ነበር። ለፋሲካ ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ሁለት ጠርሙስ በልብስ ጠቅልሎ ያዘ፤ መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያሰላስል ነጋበት። ማታ ላይ ምንም ሳይል ቀድቶ ሰጣቸው። እናቱ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩ፤ አሸተቱ፤ ጥቂት ቀምሰው በምላሳቸው አዟዟሩት።

«ደረቆቱ አርሮበታል» አሉ። ደግሞም ቀመሱና፣ «አረፋው ግን ደኅና ነው። ለመሆኑ ስንት ነው የሚሸጡት?»