የስዊድኑ የቆሎ ተማሪ

በሉ ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

ቡሬ ተወልዶ ላደገ ሰው ፀሐይ ሰዓት አክባሪ ሠራተኛ ናት፤ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። ለትምህርት ስዊድን፣ ኡፕሳላ በሄድኩ በመጀመሪያው ታኅሣሥ ግን ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ብቅ ትልና 9 ሰዓት ሳይሞላ ሹልክ ትላለች። ጾመ ነቢያት ነበር። እንደ አገሬ ልማድ እስከ 9 ሰዓት ልቆይ ስል ጾሙን ሳልፈታ ይመሽብኛል። እናቴ ደውላ "እህል ቀመስክ፣ ልጄ?" ስትለኝ "ኧረ መሽቷል" አልኳት። ቡሬ ገና 11 ሰዓት ነው፣ ከብቶቹ እንኳ አልገቡም። ትንሽ ዝም አለችና "ኧረ ለመሆኑ የት ነው የሄድከው?" አለችኝ።

እኛ ጎጃሞች መቼም የሩቅ አገር ተማሪ ለማስተናገድ አዲስ አይደለንም። ቅኔ ፍለጋ ዋሸራና ጎንጅ ድረስ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ በእግሩ ይመጣ የነበረው ልጅ ከእኔ በምን ያንሳል? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። ጎጆውንም ራሱ ይቀልሳል። የኔታ ክፍያ አይጠይቁትም። ስዊድን ግን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣውን ተማሪ ታስከፍላለች፤ ኖርዌይም በ2023 ተከትላታለች። ስዊድን ለማመልከቻው ብቻ 900 ክሮነር ክፈል፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ደግሞ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አሳይ ትላለች። የቆሎ ተማሪ የባንክ ደብተር ቢጠየቅ ኖሮ ዛሬ ማን ቅኔ ይዘርፍልን ነበር? እኔን ነጻ የትምህርት ዕድል አወጣኝ።

ፕሮፌሰሩን በስሙ መጥራትማ ሌላ ፈተና ነው። ስዊድኖች አንቱታን ያራገፉት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ብሮር ሬክሴድ የተባሉ የጤና መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሠራተኛውን ሁሉ በስሙ እንደሚጠሩ ካሳወቁ ወዲህ ነገሩ አገር አዳረሰ። እኔ ግን የኔታን "አንተ" የምል ስለመሰለኝ አንድ ወር ሙሉ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነበር የማነጋግራቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ዝምታው ነው። የቆሎ ተማሪን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ውሻውም ጭምር። እኔ ከሰባት ሰዎች ጋር አንድ ማእድ ቤት ለአራት ወር ስጋራ "ሃይ" ከመባባል ያለፈ ወሬ አልነበረንም። የሚንኳኳ በር የለም፤ ልብስ ለማጠብ እንኳ ቀጠሮ ይያዛል።

አንድ ቅዳሜ እናቴ የላከችልኝን የቡሬ ዛላ በርበሬ አውጥቼ በመጥበሻ ማመስ ጀመርኩ። ጭሱ ገና ሳይወፍር የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ስምንታችንም በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ቆመን እየሳልን፣ እያስነጠስን፣ እንባችንን እየጠረግን ተያየን። መጀመሪያ የሳቀችው ከጎኔ ክፍል ያለችው ልጅ ናት። "ምንድን ነው ያቃጠልከው?" አለችኝ። ስሟን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በሳምንቱ ስምንታችንም ሽሮ በላን።

ወደዚያ የሚሄድ ልጅ ያላችሁ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ እናቶች፣ በርበሬውን እዚሁ አምሳችሁ፣ አስፈጭታችሁ ስጡት። አንድ ሁለት ዛላ ግን ሳይታመስ ጣል አድርጉለት።