ስለ አንድ ቀን እሽቅድምድም ክብር

ክብርን የሚሰጠው ማን ነው? ሹመት በደብዳቤ ይሰጣል፤ ደመወዝ በመዝገብ ላይ ይጨመራል፤ ሜዳልያም በሥርዓት ይሸለማል። ክብር ግን ከእነዚህ ጋራ ጐን ለጐን ሲሄድ ብናየውም ሁልጊዜ ተከታያቸው አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ቀድሟቸው ይደርሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መንገድ ይይዛል። ይህን ነገር ለመመርመር ብዙ ሰው የማያስበውን ምሳሌ መርጫለሁ። እርሱም በአውሮፓ ጐዳናዎች ላይ በየዓመቱ የሚደረገው የአንድ ቀን የቢስክሌት እሽቅድምድም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ስለ ቢስክሌት ውድድር ሲነሣ በብዙዎቻችን ዘንድ ቀድሞ የሚታወሰው ሦስት ሳምንት የሚፈጀው ቱር ደ ፍራንስ ነው። በእርሱ ላይ ዛሬ የተሸነፈ ነገ ሊክስ፣ በሜዳ የዘገየ በተራራ ሊያካክስ ይችላል። የአንድ ቀን ውድድር ግን ነገ የሚባል የለውም። ጧት ይጀመራል፤ ከቀትር በኋላ ይፈጸማል። ጎማው የፈነዳበት፣ ጭቃ ያዳለጠው፣ ወይም ለአንዲት ደቂቃ ልቡ ያመነታበት ሰው የሚቀጥለው ዓመት እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ከእነዚህ ውድድሮች መካከል አምስቱ ከሌሎቹ ተለይተው «ሐውልቶች» ተብለዋል። እነርሱም በ1892 የተጀመረው የቤልጅጉ ሊየዥ–ባስቶኝ–ሊየዥ፣ በ1896 የተጀመረው የፈረንሳዩ ፓሪስ–ሩቤ፣ በ1905 የተጀመረው የኢጣልያው የሎምባርዲያ ዙር፣ በ1907 የተጀመረው ሚላኖ–ሳን ሬሞ፣ እንዲሁም በ1913 የተጀመረው የፍላንደርስ ዙር ናቸው። ከእነዚህም ሌላ ቦታው በየዓመቱ የሚለዋወጠው የዓለም ሻምፒዮና አለ።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የትኛው ነው? ነገሩ በመዝገብ ብቻ የሚታይ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር። ዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበር በ2023 በሥራ ላይ ባዋለው የነጥብ ሠንጠረዥ መሠረት ከአምስቱ ሐውልቶች አንዱን ያሸነፈ ሁሉ 800 ነጥብ፣ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ደግሞ 900 ነጥብ ያገኛል። በዚህ ስሌት አምስቱ እኩል ናቸው፤ የዓለም ሻምፒዮናም ከበላያቸው ነው። ነገር ግን እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ከተቀጠርሁ ጀምሮ 13 ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። በአንድ ቀን ገብተው፣ ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በአንድ ማኅተም ታትመው የሚወጡ ሁለት ደብዳቤዎች ክብደታቸው አንድ እንዳልሆነ ከዚያ ተምሬአለሁ። አንደኛው በፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ሁለተኛው የአንድ ቤተ ሰብ ኑሮ ይለውጣል። ቁጥሩ ግን ይህን አይናገርም። የውድድርም ነጥብ እንዲሁ ነው።

ይህ ጉዳይ በሻይ ሰዓት ተነሥቶ ከባልደረቦቼ ጋራ ብዙ ተከራክረንበታል። አንደኛው «ታላቅነት በዕድሜ ነው፤ ሽማግሌ ይከበራል» ይላል። ይህ አባባል ለሊየዥ ይስማማል፤ ከአምስቱ አንጋፋው እርሱ ነውና። ነገር ግን ከሚላኖ እስከ ቶሪኖ የሚደረገው ውድድር የተጀመረው በ1876 ነው፤ ሊየዥን በ16 ዓመት ይቀድመዋል። ሆኖም ከሐውልቶቹ ቁጥር አልገባም። በአንጻሩ በቶስካና ነጭ አቧራማ መንገዶች ላይ የሚደረገው ስትራደ ቢያንኬ የተጀመረው ገና በ2007 ሲሆን ዛሬ ታላላቆቹ ጋላቢዎች ሁሉ የሚመኙት ሆኗል። ሌላው ባልደረባዬ ደግሞ «ታላቅነት በድካም ነው፤ ረጅሙ መንገድ ይበልጣል» ብሎ ይከራከራል። ይህም ለሚላኖ–ሳን ሬሞ ይመቻል፤ ርቀቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋልና። ነገር ግን በ1891 የተጀመረው የቦርዶ–ፓሪስ ውድድር ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ይሁን እንጂ የታላላቆቹ ጋላቢዎች ልብ ከእርሱ እየራቀ ሄዶ ሙያተኞቹ ለመጨረሻ ጊዜ የተወዳደሩበት በ1988 ሆነ። ስለዚህ ዕድሜም ሆነ ርዝመት ብቻውን ክብርን አያቆምም።

ስለ ዓለም ሻምፒዮና የሚከራከሩት የበለጠ ማስረጃ አላቸው። ሙያተኞች የሚሳተፉበት የዓለም ሻምፒዮና በ1927 ሲጀመር ያሸነፈው ኢጣልያዊው አልፍሬዶ ቢንዳ ነው። ያሸነፈ ሰው የቀስተ ደመና ቀለማት ያሉበትን ማልያ አንድ ዓመት ሙሉ ይለብሳል። በዚያን ዕለት ጋላቢዎች የቀጣሪያቸውን ቡድን ስም ትተው በሀገራቸው ስም ይሰለፋሉ። በ2025 ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ፣ በኪጋሊ ዳገቶች ላይ ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ሲያሸንፍ የተመለከተ ሰው ይህን ክብር ሊያቃልል አይችልም። ነገር ግን መንገዱ በየዓመቱ ይለወጣል። አንድ ዓመት ለሜዳ ሰው፣ ሌላ ዓመት ለተራራ ሰው ይመቻል። ስለዚህ አሸናፊውን ያከብራል እንጂ መንገዱ የራሱ ትዝታ የለውም። አያትንና የልጅ ልጅን በአንድ ዳገት ላይ ለማመዛዘን አይቻልም። ከዚህም በላይ ፈረንሳዊው ቤርናር ኢኖ በ1980 የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ፣ እንደማይወደው በግልጽ ይናገር በነበረው በፓሪስ–ሩቤ ውድድር ላይ በ1981 ያንኑ ማልያ ለብሶ ተሰልፎ አሸነፈ። የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው እንኳ ክብሩን ለማጽናት ወደዚያ ድንጋያማ መንገድ መሄድ አስፈለገው ማለት ነው።

እንደሚመስለኝ ሐውልቶቹን ታላቅ ያደረጋቸው እያንዳንዳቸው ከዓመት ዓመት ለጋላቢው የሚያቀርቡለት ፈተና ነው። የሳን ሬሞ ፈተና ትዕግሥት ነው፤ ስድስት ሰዓት ያህል ከተጋለበ በኋላ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚቈረጠው ፖጆ በምትባለው አጭር ዳገትና በቁልቁለቷ ላይ ነው። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ ከ1966 እስከ 1976 ባለው ጊዜ ይህን ፈተና ሰባት ጊዜ አልፏል። የሎምባርዲያ ፈተና ቅጠል በሚረግፍበት በመጸው ወራት የሚወጣ ተራራ ነው፤ ፋውስቶ ኮፒ አምስት ጊዜ፣ ፖጋቻርም ከ2021 እስከ 2025 በተከታታይ አምስት ጊዜ አሸንፈውታል። በሊየዥ ደግሞ በ1980 በረዶ እየወረደ ከተነሡት 174 ጋላቢዎች መካከል የደረሱት 21 ብቻ ነበሩ። ኢኖ ሁለተኛውን ከ9 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገባ፤ ነገር ግን በዚያን ዕለት ብርድ የተጐዱት ሁለት ጣቶቹ የቀድሞው ስሜታቸው አልተመለሰላቸውም።

ፈተናው ብቻውን ግን አይበቃም፤ የሚጠብቀው ሕዝብ ያስፈልገዋል። የፍላንደርስን ዙር የመሠረተው ካሬል ቫን ዌይነንዳለ የተባለ ጋዜጠኛ ነው። የፍላንደርስ ሰዎች ቋንቋ በገዛ ሀገራቸው ዝቅ ተደርጎ ይታይ በነበረበት ዘመን ይህ ውድድር የራሳቸው በዓል ሆነላቸው። በ2012 የፍጻሜው መንገድ ተለውጦ የታወቀው የኼራርድስበርገን ዳገት በቀረ ጊዜ ብዙዎች ርስታቸው የተነካ ያህል ቈጥረው ተቃወሙ። የሩቤ ውድድር ደግሞ የተጀመረው የሩቤ ከተማ ሁለት የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካዎች ያሠሩትን የቢስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ ለማሳወቅ ብለው ነው። አጀማመሩ የንግድ ነበር ማለት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1919 በመድፍ በታረሰው አገር ውስጥ ሲያልፍ «የሰሜን ሲኦል» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬም በከተሞቻችን ኮብልስቶን የምንለውን የሚመስል፣ ነገር ግን እጅግ የሻከረ የድንጋይ ንጣፍ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ይጋለብበታል። ይህ ድንጋይ በአስፋልት ተሸፍኖ እንዳይጠፋ የሚንከባከቡት፣ የተነቀለውን እየተከሉ ጭቃውን የሚጠርጉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አሸናፊው የሚሸለመውም ከዚያው መንገድ የተወሰደ ዓይነት አንድ ድንጋይ ነው።

የውድድርን ክብር ለመለካት እኔ የምጠቀምበት ሚዛን እንግዲህ ይህ ነው፦ ሁሉ የተረፈው ሰው «ይህ ጐደለኝ» የሚለው የትኛውን ነው? አየርላንዳዊው ሾን ኬሊ ከአምስቱ ሐውልቶች አራቱን አሸንፏል። በፍላንደርስ ግን ሦስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቶ ቀረ። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ካገኛቸው ዘጠኝ ድሎች ጋራ ያ ያላገኘው አብሮ ይነሣል። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ አምስቱንም ያሸነፉት ሪክ ቫን ሎይ፣ ኤዲ መርክስና ሮጀር ደ ቭላሚንክ ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ቤልጅጋውያን ናቸው። ፖጋቻር ሦስት ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን ካሸነፈ በኋላ በ2025 ወደ ሩቤ ድንጋይ የሄደው ገንዘብ ወይም ነጥብ አጥቶ አይደለም። በመንገድ ላይ ወድቆ ተነሥቶ ከማቲው ቫን ደር ፑል ቀጥሎ ሁለተኛ ሆነ።

ይህን ሚዛኔን ለታናሽ ወንድሜ ባስረዳሁት ጊዜ አልተቀበለኝም። እርሱ ጧት ጧት መኪና ሳይበዛ በአዲስ አበባ ዳገቶች ላይ የሚለማመድ ቢስክሌተኛ ነው። «ጋሼ፣ ለእኔ ከአምስቱም የሚበልጠው የቢንያም ነው» አለኝ። የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ በመጋቢት 2022 ጌንት–ዌቨልገም ይባል የነበረውን የቤልጅግ ውድድር ከአራት ሰዎች መካከል ቀድሞ በመግባት ሲያሸንፍ፣ እንዲህ ካሉት ታላላቅ የአንድ ቀን ውድድሮች አንዱን ለማሸነፍ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ውድድሩ ከሐውልቶቹ አንዱ አይደለም። ነገር ግን ወንድሜ በዚያን ዕለት በእልልታና በጭብጨባ ቤቱን ሲያናውጠው ሰምቻለሁና ልከራከረው አልደፈርሁም። ለቤልጅግ ሕዝብ በዓመት ውስጥ ከሚመጡት ቀኖች አንዱ የሆነው፣ ለእኛ አካባቢ ልጆች የተዘጋ በር የተከፈተበት ቀን ነው። የአንድ ውድድር ክብር ከቆምንበት ስፍራ ጋራ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል።

ይሁን እንጂ ወንድሜ ቀጥሎ ሌላ ነገር ጠየቀኝ። አባታችን በተከፈተ የሥራ ማስታወቂያ እንዲመዘገብ ይገፋፉታል፤ እርሱ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ ጋላቢ ሆኖ ከመቅረት ፍርሃት ጋራ ይታገላል። «የማያሸንፍ ሰው ምን ክብር አለው?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ከሁሉ አስበልጬ ሩቤን የመረጥሁበት ምክንያት ነው።

አውስትራሊያዊው ማቲው ሄይማን በሙያው ዘመኑ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ሌሎችን በመርዳት ነው። በዚህ ሙያ ረዳት የሚባለው ውኃ የሚያመላልስ፣ ነፋስ የሚከላከል፣ ጌታው ጎማ ሲፈነዳበት የራሱን ጎማ የሚሰጥ ሰው ነው። በ2016 የሩቤ ውድድር ሊደረግ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ክንዱ ተሰበረ። በቤቱ ውስጥ በቆመ ቢስክሌት ላይ እየተለማመደ በ37 ዓመቱ ለ15ኛ ጊዜ ተሰለፈ። በመጨረሻው ሜዳ ላይ አምስተኛ ድሉን የፈለገውን ቶም ቦነንን ቀድሞ ገባ። ያን ድንጋይ 14 ጊዜ ለሌላ ሰው የጋለበበት ድካም በ15ኛው ጊዜ ለራሱ ዕውቀት ሆነለት። ከዚህ በፊት አንድም ሐውልት አላሸነፈም፤ ከዚያም በኋላ አላሸነፈም።

ለወንድሜ የነገርሁት ይህንን ነው፦ የማስታወቂያውን ጉዳይ ከአባታችን ጋራ በጥሞና ይምከርበት፤ ቢስክሌቱን ግን የማያሸንፍ መስሎት እንዳይተወው። በብዙ ዓመት አገልግሎት ውስጥ ሰው የማያየው ዕውቀት ይከማቻል፤ ያ ዕውቀት የሚጠራበት ቀን ለአንዳንዱ ይመጣል፤ ለብዙው አይመጣም። ቢመጣም ባይመጣም ሥራው በደንብ መሠራቱ ዋጋ አለው። ከውድድሮች ሁሉ የሚከበረው ደግሞ ቀኑ ሲመጣ ጌታንና ረዳትን በአንድ ሚዛን የሚመዝነው ነው።

በሩቤ የመወዳደሪያ ሜዳ አጠገብ ጋላቢዎች ጭቃቸውን የሚታጠቡበት አሮጌ መታጠቢያ ቤት አለ። በዝቅተኛ የሲሚንቶ ግድግዳ በተከፋፈሉት ክፍሎቹ ላይ ያሸነፉት ሰዎች ስም በትንንሽ የናስ ሰሌዳ ተጽፏል። የመርክስ ስም በዚያ ይገኛል፤ የሄይማንም ስም በዚያው ይገኛል።